ሸርጣን ይሄዳል ወይስ ይዋኛል?

ባሕር የሌላት አገር ልጆች ተሰብስበን ስለ ሸርጣን ልንጽፍ መነሣታችንን ስትሰሙ ሳቅ እንደሚቀድማችሁ እናውቃለን። ሳቁ፤ እኛም ስቀናል። ከመካከላችን ብዙዎቹ ሸርጣንን የሚያውቁት በዐውደ ነገሥት ነው። "ኮከቤ ሸርጣን ነው" የሚል ሰው በየቤቱ አይጠፋምና። በገበታማ አይታሰብም። ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውኃ ፍጥረት እንዳይበላ ኦሪት ያዘዘውን አያቶቻችን እስከ ዛሬ እንደጠበቁት ናቸው።

እስቲ ግን ትንሽ ታገሡን። የምናወራው ስለ ምግብ አይደለም። ስለ ፌዴራል መንግሥትና ስለ አንድ ግዛት ነው፤ አንዱን እንስሳ ሁለቱም የእኔ ነው ሲሉ ምን እንደሚሆን፣ ሕጉን ማን እንደሚጽፈው፣ ከተጻፈ በኋላስ ማን እንደሚበላበት። ይህ ጥያቄ እንኳን አላስካ ላለ ሰው፣ አራት ኪሎ ቁጭ ብሎ ማኪያቶ ለሚጠጣም ባዕድ አይደለም። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ በየመስመሩ እ.ኤ.አ. እያልን አናደክማችሁም።)

ባለታሪካችን "ንጉሥ ሸርጣን" ይባላል። ስሙ የተጋነነ አይደለም። እግሮቹን ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ ትልቁ ወንድ ከ10 ኪሎ ይበልጣል። የሚኖረው ከአላስካ በስተ ምዕራብ ባለው ቤሪንግ ባሕርና በአካባቢው ባሉ ቀዝቃዛ ውኆች ወለል ላይ ነው። ለእኛ ታሪክ ግን ዋናው ነገር ትልቅነቱ ሳይሆን ዝግታው ነው። ወንዱ ለመያዝ በሕግ የሚፈቀድበት መጠን ላይ ለመድረስ ሰባት ስምንት ዓመት ይፈጅበታል። ዛሬ የተሠራ ጥፋት ጎልቶ የሚታየው፣ ዛሬ ልጅ የወለደ ሰው ልጁን አንደኛ ክፍል ሲያስገባ ነው ማለት ነው። ይህቺን ነጥብ ያዟት።

የሦስት ማይል አጥር

አላስካ ግዛት ከመሆኗ በፊት ከሩቅ፣ ከዋሽንግተን የምትተዳደር ምድር ነበረች። ያኔ የባሕሯ ሀብት ሳልመን የተባለው ዓሣ ነው። የሳልመኑ ጌቶች ደግሞ ሲያትልና ሳን ፍራንሲስኮ የተቀመጡ፣ ዓሣ በቆርቆሮ የሚያሽጉ ፋብሪካዎች ባለቤቶች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ዓሣው በሚያልፍበት መንገድ ላይ ግዙፍ ወጥመድ ተክለው ጠራርገው ይወስዱታል፤ በትንሽ ጀልባ የሚያጠምደው የአገሬው ሰው ቆሞ ያያል። ዋሽንግተን ያሉት ሹማምንት አቤቱታውን አይሰሙም፤ ሲሰሙም የሚሰሙት ባለፋብሪካውን ነው ይሉ ነበር አላስካዎች። ግዛት እንሁን ብለው ሲታገሉ ሕዝቡን ካንቀሳቀሱት ብሶቶች አንዱ ይኸው ወጥመድ ነበር።

ስለዚህም በ1956 ሕዝቡ ያጸደቀው የአላስካ ሕገ መንግሥት ለዓሣ የሰጠው ቦታ የሚገርም ነው። ስምንተኛው አንቀጽ የተፈጥሮ ሀብትን የሚመለከት ሲሆን፣ ዓሣውም አውሬውም ውኃውም በተፈጥሮ ባሉበት ሁኔታ ለሕዝብ የጋራ ጥቅም የተጠበቁ ናቸው ይላል። ሀብቱ ራሱን እየተካ እንዲኖር ሆኖ ይያዝ ይላል። ለማንም ቢሆን ብቸኛ የማጥመድ መብት አይሰጥም ይላል። አላስካ በ1959 ግዛት ሆነች፤ በ1960 የዓሣ አስተዳደሩን ከፌዴራል መንግሥት ተረከበች። የመጨረሻዋን ድንጋጌ በተለይ አትርሷት፤ ኋላ እንመለስባታለን።

በዚያው ዘመን ንጉሥ ሸርጣን ገበያ እያገኘ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሎዌል ዌክፊልድ የተባለ ሰው በ1947 በተሠራች "ዲፕ ሲ" በምትባል መርከቡ ሸርጣኑን እዚያው ባሕር ላይ እየቀቀለና እያቀዘቀዘ ለአሜሪካ ገበያ ማቅረብ ጀመረ። ነገሩ ተያዘ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ኮዲያክ የምትባለው ደሴት የንጉሥ ሸርጣን መዲና ሆነች፤ በ1965 እና 66 ወቅት ብቻ ከአካባቢዋ ወደ 94 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ማለትም 43 ሚሊዮን ኪሎ ገደማ ወጣ።

ችግሩ አጥሩ ላይ ነው። ኮንግረስ በ1953 ባወጣው ሕግ መሠረት የአላስካ ግዛት ወሰን ከዳርቻው ሦስት የባሕር ማይል ላይ ያበቃል፤ አምስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ሸርጣን ደግሞ ሕግ አላነበበም። በጸደይ ለመራባት ወደ ዳርቻው ይመጣል፤ ከዚያ ወደ ጥልቁ ይመለሳል። አንዱ ሸርጣን በዓመት ውስጥ ጥቂት ወራት የአላስካ፣ ቀሪውን ጊዜ የማንም ይሆናል። ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ ማንም ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ የጃፓንና የሶቪየት ኅብረት መርከቦች በሰፊው ያጠምዱ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ታሪኩ ወደ ርዕሳችን የሚመጣው። በ1958 ጄኔቫ ላይ የተደረገው ስምምነት አንድ አገር ከየብሱ ጋር በተያያዘው የባሕር ወለል ላይ ላለ ሀብት ባለመብት ነው አለ። ሀብት የተባለው ዘይትና ማዕድን ብቻ አይደለም። ለመያዝ በሚደርስበት ዕድሜ የማይንቀሳቀስ ወይም ወለሉን ሳይነካ መንቀሳቀስ የማይችል ሕይወት ያለው ፍጥረትም ይጨምራል። እንግዲህ ዓሣ ይዋኛል፤ ስለዚህ ከባለቤቱ አጥር ውጭ ቀድሞ የያዘው ይወስደዋል። ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር ቀንድ አውጣ ደግሞ የባለ አገሩ ነው። ሸርጣንስ? አሜሪካ እግር አለው፣ በእግሩ ይሄዳል፣ ከወለሉ አይነሣም፣ ስለዚህ የእኔ ነው አለች። ጃፓን ስምምነቱ ውስጥ አልገባችም፤ ንጉሥ ሸርጣን እንደማንኛውም ዓሣ የሰፊው ባሕር ሀብት ነው፣ ስናጠምደው ኖረናል ብላ ተከራከረች። ከረባት ያሰሩ ዲፕሎማቶች ጠረጴዛ ከበው አንድ ፍጥረት ይሄዳል ወይስ ይዋኛል እያሉ ሲሟገቱ ይታያችሁ። ቀልድ ይመስላል፤ ግን ከመልሱ ጀርባ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር አለ።

በ1964 የአላስካው ሴናተር ቦብ ባርትሌት ያቀረቡት ሕግ ጸደቀ፤ የውጭ መርከብ የአሜሪካን የባሕር ወለል ሀብት እንዳያጠምድ የሚከለክል ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከጃፓን፣ በ1965 መጀመሪያ ከሶቪየት ኅብረት ጋር የመጠን ገደብ ስምምነት ተደረገ። ጃፓን አቋሟን ሳትለውጥ ነው የተስማማችው። በቃ፣ ሸርጣኑ ይሄዳል ተባለ።

የውጭው ሰው ሲወጣ የቤቱ ጠብ ጀመረ። ከቤሪንግ ባሕር አጥማጆች ብዙዎቹ የሲያትል ሰዎች ናቸው። (ሲያትል ዘመድ ያላችሁ ደውላችሁ ፊሸርመንስ ተርሚናል የሚባለውን ቦታ ጠይቁ፤ የሸርጣን መርከቦቹን እዚያ ቆመው ታዩአቸዋላችሁ።) እነዚህ ሰዎች ከሦስት ማይል ወዲያ የአላስካ ሕግ እኛን በምን አግባብ ይገዛናል ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ። በ1974 አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት ግዛቲቱ ሕጓን ከአጥሩ ውጭ እንዳታስፈጽም አገደ። በ1976 ደግሞ የአላስካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሌላ ጉዳይ ትችላለች አለ፤ ሸርጣኑ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚመላለስ ስለሆነ ውጭ የሚደረገው ውስጥ ያለውን ይነካል ሲል። እኛ የሕግ ባለሙያዎች አይደለንም፤ ግን የሁለተኛው ክርክር ከሸርጣኑ አኗኗር ጋር ይበልጥ ይገጥማል ባዮች ነን።

ክርክሩን ያሳጠረው በዚያው በ1976 ሚያዝያ ፕሬዚዳንት ፎርድ የፈረሙት የዓሣ ሀብት ሕግ ነው። ዛሬ በሁለት ሴናተሮች ስም ይጠራል፤ በዋሽንግተን ግዛቱ ዋረን ማግነሰንና በአላስካው ቴድ ስቲቨንስ። የአንዱ መራጮች የሲያትል ባለመርከቦች፣ የሌላው መራጮች የአላስካ ወደብ ሰዎች ናቸውና ሁለቱ ተጣምረው መሥራታቸው በራሱ ትምህርት ነው። ሕጉ ከመጋቢት 1977 ጀምሮ እስከ 200 ማይል ያለውን ዓሣ በአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ሥልጣን ሥር አደረገ። አስተዳደሩን ግን ለዋሽንግተን ቢሮ ብቻ አልሰጠም፤ የግዛት ሹማምንት፣ አጥማጆችና ባለሙያዎች የሚቀመጡባቸው ስምንት የክልል ምክር ቤቶች አቋቋመ። ለሰሜን ፓስፊክ አንድ ምክር ቤት ደረሰው።

በ1980 ብሪስቶል ቤይ በሚባለው የቤሪንግ ባሕር ክፍል 130 ሚሊዮን ፓውንድ ንጉሥ ሸርጣን ተያዘ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ያን ያህል ተይዞ አያውቅም። በሚቀጥለው ዓመት 34 ሚሊዮን። በ1982 ሦስት ሚሊዮን። በ1983 ተዘጋ።

እስቲ ቁጥሮቹን ደግማችሁ አንብቧቸው። በሦስት ዓመት ከ130 ወደ ባዶ። በ1980 ባንክ ተበድሮ አዲስ መርከብ ያሠራ ሰው መርከቡ ከፋብሪካ ሲወጣ የሚያጠምደው አልነበረውም። ለምን እንደሆነ ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልሆኑም፤ ከልክ በላይ ተጠምዶ ነው የሚል አለ፣ ውኃው ስለሞቀ ነው የሚል አለ፣ መረብ የሚጎትቱ ሌሎች መርከቦች ሴቶቹን ስለፈጁ ነው የሚል አለ። የኮዲያክ ንጉሥ ሸርጣን ማጥመጃ በ1983 እንደተዘጋ ዳግም አልተከፈተም። መዲናዋ ንጉሧን አጥታ ቀረች።

ከዚህ ድቀት በኋላ ፌዴራሉና ግዛቱ ለሁለት መሥራት እንደማያዋጣቸው ገባቸው። በ1989 የጸደቀው የቤሪንግ ባሕር የሸርጣን አስተዳደር ዕቅድ ለእኛ ከሁሉ የሚስበን ሰነድ ነው። የሚያጓጓ ንባብ ነው ማለታችን አይደለም። ሥልጣኑን ለአንዱ ጠቅልሎ ከመስጠት ይልቅ በሦስት መደብ ከፈለው። አንዳንድ ነገሮች በዕቅዱ ውስጥ የታሰሩ ናቸው፤ ለመለወጥ ፌዴራል ምክር ቤቱ ዕቅዱን ማሻሻል አለበት። አንዳንዶቹን ግዛቱ ይወስናል፣ ግን ዕቅዱ ባስቀመጠው መስፈርት። የቀሩትን ደግሞ ግዛቱ እንዳሻው ይወስናል። በኋላ በተደረገ ማሻሻያ ፌዴራሉ የማይታለፈውን ጣሪያ ያስቀምጣል፤ በየዓመቱ ስንት ይጠመድ የሚለውን ቁጥር የምትወስነው ግን አላስካ ናት፣ ከጣሪያው በታች እስከሆነ ድረስ።

አላስካ ብዙ ጊዜ ከጣሪያው በእጅጉ ዝቅ ትላለች። የራሷ መስፈርት አላት፤ ለምሳሌ በብሪስቶል ቤይ ለመራባት የደረሱ ሴት ሸርጣኖች ከ8.4 ሚሊዮን ካነሱ ማጥመድ የለም። ሴት ሸርጣን ማንሣት ደግሞ ከመጀመሪያውም ክልክል ነው፤ ስትያዝ ወደ ባሕር ትመለሳለች። ወንዱም የጀርባ ልባሱ ስፋት 16.5 ሴንቲ ሜትር ካልሞላ ይመለሳል።

ሁሉም ቦታ እንዲህ ነው እንዳትሉ። ወደ ደቡብ ብትወርዱ ደንጄነስ የሚባለው ሸርጣን የፌዴራል ዕቅድ የለውም። ኮንግረስ በ1996 ለዋሽንግተን፣ ለኦሪጎንና ለካሊፎርኒያ ግዛቶች እስከ 200 ማይል ድረስ እናንተው አስተዳድሩት ብሎ ጊዜያዊ ሥልጣን ሰጣቸው። ጊዜያዊው እየታደሰ እየታደሰ ሄዶ በ2016 መስከረም ጊዜው አለፈ፤ በ2017 ነሐሴ ቋሚ ሆነ። ሃያ አንድ ዓመት ጊዜያዊ የሆነ ሕግ! እኛ አገር ብቻ ይመስለን ነበር።

የሦስት ቀን ዘመቻ

ወደ ቤሪንግ እንመለስ። እስከ 2005 ድረስ አሠራሩ እንዲህ ነበር። ግዛቱ ለወቅቱ የሚጠመደውን ጠቅላላ መጠን ያስታውቃል። ቀኑ ይቆረጣል። በዚያ ቀን ፈቃድ ያለው መርከብ ሁሉ ይወጣል፤ መጠኑ ሊሞላ ሲል ይበቃል ይባላል። ለእያንዳንዱ መርከብ የተመደበ ድርሻ የለም። የቀደመ ያጭዳል፤ የዘገየ ባዶውን ይመለሳል።

በ2004 ብሪስቶል ቤይ ላይ 251 መርከቦች ወጡ። ወቅቱ የቆየው ሦስት ቀን ነው። የዓመት እንጀራ በሦስት ቀን! ማዕበል ቢነሣ አትጠብቅም፤ ብትጠብቅ ጎረቤትህ አይጠብቅህም። እንቅልፍ የለም። የብረት ወጥመዱ አንዱ ብቻውን በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ይመዝናል፤ በመርከቡ ጀርባ ላይ ተደራርቦ ይጫናል። በክረምት የባሕሩ ፍንጣሪ ብረቱ ላይ እየበረደ በረዶ ይሆናል፣ መርከቡ ከላይ ይከብዳል፣ ከዚያ በደቂቃዎች ውስጥ ይገለበጣል። በ1990ዎቹ በዚህ ሥራ በአማካይ በዓመት ስምንት ሰው ያህል ይሞት ነበር፤ ከጥቂት መቶ መርከቦች።

በ1999 የባሕር ጠረፍ ጠባቂው ከግዛቱ ጋር ተባብሮ አንድ ቀላል ነገር ጀመረ። መርከቦቹ ከመነሣታቸው በፊት ወደብ ላይ ቆሞ ጭነታቸውን መፈተሽ። ከልክ በላይ የጫነ አይወጣም። የሟቹ ቁጥር ያን ጊዜ ነው በግልጽ መቀነስ የጀመረው። ይህን የምናነሣው ምክንያት አለን፤ ቀጥሎ የመጣው ትልቁ ሕግ የሰው ሕይወት አተረፈ ተብሎ ሲወደስ፣ ወደብ ላይ ሚዛኑን ይዘው የቆሙት ሰዎች ይረሳሉ። ፍተሻውም ቢሆን ሁሉን አላዳነም። ጥር 2005 የመጨረሻው የሽቅድምድም ወቅት በተከፈተበት ቀን ቢግ ቫሊ የተባለች መርከብ ከልክ በላይ ወጥመድ ጭና ሰጠመች፤ ከስድስቱ ሰዎች አንዱ ብቻ ተረፈ።

በዚያው በ2005 ሚያዝያ ዲስከቨሪ ቻናል ይህን ሥራ የሚያሳይ ፕሮግራም ማስተላለፍ ጀመረ፤ በዲሽ ያያችሁት ትኖራላችሁ። ዓለም ሽቅድምድሙን ያወቀው ሽቅድምድሙ ሊቀበር ሲል ነው።

ሦስቱ ቁራሾች

ሽቅድምድሙን የቀበረው ሕግ እንዴት እንደወጣ ልንገራችሁ። ኮንግረስ የሰሜን ፓስፊክ ምክር ቤትን አማራጮች አጥንታችሁ አቅርቡልን አለው። ምክር ቤቱ በ2002 አንድ ዕቅድ መረጠ። ዕቅዱ ሕግ የሆነው ግን ራሱን ችሎ ቀርቦ፣ ክርክር ተደርጎበት አይደለም። በጥር 2004 በተፈረመው ግዙፍ የበጀት አዋጅ ሆድ ውስጥ ገብቶ ነው ያለፈው። የሴኔቱ የበጀት ኮሚቴ ሊቀመንበር ማን ነበሩ? ቴድ ስቲቨንስ። ሴናተር ጆን ማኬይን ተቃወሙ፤ ግን ለአንድ ሸርጣን ሲባል የአገር በጀት የሚጥል የለም። አዋጅን በአዋጅ ሆድ ማሳለፍ የትም ያለ ጥበብ ነው።

ዕቅዱ "የሦስት ኬክ" ይባላል። አንደኛው ኬክ የአጥማጆች ነው፤ ከዚህ በፊት ባጠመዱት መጠን ተሰልቶ ለእያንዳንዱ የዘለቄታ መቶኛ ድርሻ ይሰጠዋል። ሁለተኛው የፋብሪካዎች ነው። ሦስተኛው የመንደሮች፤ ከጠቅላላው 10 በመቶ ለምዕራብ አላስካ ነባር ሕዝብ መንደሮች የልማት ድርጅቶች ይቀነሳል፣ የተወሰነው ሸርጣንም በተወሰነ አካባቢ እንዲራገፍ ይገደዳል።

ሁለተኛው ኬክ ነው ጉድ ያስባለው። ባለመርከቡ ካለው ድርሻ 90 በመቶውን የሚሸጠው የፋብሪካ ድርሻ ላላቸው ብቻ ነው። የቀረውን 10 በመቶ ለፈለገው ይሸጣል። ቡና ገበሬው ዘጠኝ አሥረኛውን ምርት ለተዘረዘሩ ነጋዴዎች ብቻ ሽጥ ተብሎ በሕግ እንደታዘዘ አስቡት። በዋጋ ባይስማሙ የሚዳኝ የግልግል ሥርዓት ተዘርግቷል፤ ቢሆንም የራሱ የፌዴራል መንግሥቱ የፍትሕ ሚኒስቴር በ2003 በጻፈው ደብዳቤ ይህ ውድድርን ይጎዳል፣ አትደግፉት ብሎ ነበር። አልተሰማም።

ለመርከብ አዛዡና ለመርከበኛውስ? ከአጥማጆቹ ኬክ 97 በመቶው ለባለመርከብ፣ 3 በመቶው ለሠራተኛ ተባለ። የሦስት በመቶውም አብዛኛው ለካፒቴኖች ነው የደረሰው። ወጥመድ የሚወረውረው፣ ጣቱን የሚያጣው፣ በሌሊት በረዶ በዱላ የሚሰብረው ልጅ ታሪካዊ ድርሻ የለውም ተባለ። በመጀመሪያው ዓመት ብሪስቶል ቤይ ላይ የወጡት መርከቦች ከ251 ወደ 89 ወረዱ። አንዱ ባለድርሻ ኮታውን ለሌላው እያከራየ፣ ጥቂት መርከቦች የብዙዎችን ያጠምዳሉ። 162 መርከብ ቀረ ማለት፣ በአንዱ ላይ ቢያንስ አምስት ሰው ቢሠራ፣ ከ800 በላይ ቦታ ጠፋ ማለት ነው። ለቀሩት ሥራው ረዘም ያለና የተረጋጋ ሆነላቸው፤ ማዕበል ሲነሣ ወደብ መቆየት ተቻለ። ይህን አንክድም።

ግን እኛ ኪራዩ ላይ ቆመን ቀረን። ለንጉሥ ሸርጣን የኮታ ኪራይ ከተሸጠው ገቢ ግማሹን አልፎ የሚሄድበት ጊዜ ነበር፤ ኪራዩ ተቀንሶ ነው የመርከበኛው ድርሻ የሚሰላው። ባለኮታው ባሕሩን ላያየው ይችላል። አያቶቻችን ለዚህ ቃል ነበራቸው፤ ባለርስትና ጢሰኛ፣ ሲሶና እርቦ። "መሬት ላራሹ" ብሎ በተሰለፈ ትውልድ አገር አድገን ይህን ስናነብ ባሕር ላጥማጁ የሚል መፈክር በአፋችን ቢመጣ አትፍረዱብን። ለነገሩ ሕጉ ኮታ ንብረት አይደለም፣ መንግሥት ሲፈልግ የሚነሣው ፈቃድ ነው ይላል። ይሸጣል፣ ይከራያል፣ ግን ንብረት አይደለም።

አሁን ወደዚያች የ1956 ድንጋጌ እንመለስ። ብቸኛ የማጥመድ መብት ለማንም አይሰጥም ያለው ሕገ መንግሥት የሲያትል ባለፋብሪካዎችን ለመከላከል የተጻፈ ነበር። በ1972 በማሻሻያ የፈቃድ ቁጥርን መገደብ እንዲቻል ትንሽ ተላልቷል። ኮታው ግን በአላስካ ሕግ አልወጣም፤ በፌዴራል ሕግ፣ ከሦስት ማይል ወዲያ ባለ ባሕር ላይ ነው የወጣው። ስለዚህ የአላስካ ሕገ መንግሥት አልተጣሰም። የአላስካው ሴናተር ፋብሪካዎቹን በስም ባለድርሻ ያደረገውን ሕግ ሲያሳልፉ፣ በአባቶቻቸው አጥር አጠገብ አለፉ እንጂ አጥሩን አልነኩም። አጥሩ ሦስት ማይል ነውና።

ሕጉ ቃል ያልነበረው ነገር

ሽቅድምድሙ ከቆመ በኋላ የሞት ዜና ብርቅ ሆነ። አልጠፋም፤ በየካቲት 2017 ዴስቲኔሽን የተባለች መርከብ በረዶ ከብዷት ከስድስት ሰዎቿ ጋር ሰጠመች። ኮታ ነበራት፤ የሽቅድምድም ሰዓት የለባትም ነበር። የማስረከቢያ ቀጠሮ ግን ነበረባት።

ከዚያ ባሕሩ ራሱ ተለወጠ። ቤሪንግ ላይ ከንጉሡ ሌላ የበረዶ ሸርጣን የሚባል አነስ ያለ ዘመድ አለ፤ በወለሉ ላይ ባለ ቀዝቃዛ ውኃ ነው የሚኖረው። በ2018 እና 2019 ክረምት የባሕሩ በረዶ ከምን ጊዜውም ያነሰ ሆነ፤ ውኃው ሞቀ። በ2020 በኮሮና ምክንያት የዓመቱ ቆጠራ ተሰረዘ። በ2021 ቆጣሪዎቹ ሲመለሱ ሸርጣኑ የለም። ከ10 ቢሊዮን በላይ ጠፍቷል። ወደ ሰሜን ተሰዶ ይሆናል ተባለ፤ ተፈለገ፣ አልተገኘም። በ2023 "ሳይንስ" መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ምናልባት በረሃብ ነው ያለቀው አለ። ውኃ ሲሞቅ ሰውነቱ ብዙ ምግብ ይጠይቃል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ብዛቱ ከፍተኛ ነበር፤ ምግቡ አልበቃም።

በጥቅምት 2021 ፌዴራሉ የበረዶ ሸርጣኑን በሕጉ መሠረት ፈረጀው። ሕጉ ለተመናመነ ዓሣ ያለው ስም አንድ ብቻ ነው፤ "ከመጠን በላይ የተጠመደ" የሚል። አጥማጆቹ ተቆጡ፤ የተሰጠንን ኮታ ሳናልፍ፣ ሙቀት የገደለውን እኛ ላይ ለምን ትጽፋላችሁ አሉ። እውነታቸውን ነው። የ1976ቱ ሕግ ሲጻፍ ሥጋቱ ሰው ነበር፤ የጃፓን መርከብ፣ የሲያትል መርከብ፣ የጎረቤት መርከብ። ባሕር ራሱ ሊከዳ ይችላል የሚል ቃል በውስጡ አልነበረም።

በጥቅምት 2022 አላስካ የበረዶ ሸርጣንን ማጥመድ በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘጋች። በብሪስቶል ቤይ ያለውም ንጉሥ ሸርጣን ሴቶቹ ከ8.4 ሚሊዮን በታች ስለወረዱ ለሁለተኛ ዓመት ተዘጋ። በታኅሣሥ የፌዴራሉ ንግድ ሚኒስቴር አደጋ ብሎ አወጀ፤ የእርዳታ ገንዘብ ወደ መንገድ ገባ። በቤሪንግ መሐል ያለችው ሴንት ፖል ደሴት ግን ገንዘቡን እየጠበቀች የምትቆይበት አቅም አልነበራትም። ጥቂት መቶ የኡናንጋን ነባር ሕዝብ የሚኖርባት ናት፤ የከተማዋ ገቢ አብዛኛው ከሸርጣን ቀረጥ ነበር። ሦስተኛው ኬክ ለእሷ ዓይነቶቹ ነበር የተጋገረው፤ ሕጉ ከሰሜን የተጠመደው እዚያ ይራገፍ ብሎ አስሮላት ነበር። መርከቦቹ ወደ እሷ እንዲመጡ ማዘዝ ይችላል፤ ሸርጣኑን ግን ማዘዝ አይችልም። ከተማዋ የራሷን የአደጋ ጊዜ አዋጅ አወጀች።

በእነዚያ ሁለት ዓመታት ድርሻዎቹ አልተሰረዙም። የባለመርከቡ መቶኛ በወረቀት ላይ አለ፣ የፋብሪካው 90 በመቶ አለ፣ የሠራተኛው 3 በመቶም አለ፤ ሁሉም የዜሮ መቶኛ ሆነው። በ2023 ንጉሥ ሸርጣን በ2.15 ሚሊዮን ፓውንድ ተከፈተ። በ2024 ጥቅምት የበረዶ ሸርጣኑ በ4.72 ሚሊዮን ፓውንድ ተከፈተ፤ ከአራት ዓመት በፊት 45 ሚሊዮን ነበር።